ሞራና ቃጫ

ግንቦት 12 ቀን 1976፣ አሰብ

ገሠሠ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው። ሰባ አራትም ሊሆን ይችላል፣ ጽፎ ያስቀመጠልኝ የለም። ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። ጀሪካን ሞልቼ ከበርሜሉ እስከ ደጃፌ ሳላሳርፍ አደርሳለሁ። ልብሴን አጥባለሁ፣ ሽሮዬን እሠራለሁ፣ ነፋስ ቆርቆሮ ሲያነሳ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ድንጋይ እጭናለሁ። መርፌ ብቻ እምቢ ብሎኛል። ክር የምታስገባልኝ ጎረቤቴ ጦይባ ናት፣ እሷም ሳልለምናት ነው።

ይህ ደብተር የባለቤቴ የየሻሽወርቅ ነበር። መሠረተ ትምህርት አብረን ነው የገባነው። እሷ ምስክር ወረቀት ወሰደች፣ እኔ ድገም ተባልኩ። በፊት በኩል የሷ ጽሕፈት አለ። የሷን ላለመንካት እኔ ከኋላ ጀመርኩ።

የምጽፈው ለቧንቧው ነው። ምን እንደሠራሁ፣ መቼ እንደሠራሁ እንዳይጠፋኝ። ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ግቢያችን ውስጥ ሁለት ቤት አለ፣ የኔና የነጦይባ። ቧንቧው ግን አንድ ነው። ከመንገድ ይመጣና በግንቡ ሥር ብቅ ይላል። እዚያ ላይ ዋናው መዝጊያ አለ፣ ባለሙያ ሳራቺኔስካ የሚለው፣ ክብ እጀታ ያለው ነሐስ። ከሱ በላይ ያለው መቅጃ ከተበላሸ ስለቆየ የምንከፍተውም የምንዘጋውም በዚሁ ነው። ውሃ በሁለት ቀን አንዴ ይመጣል። በርሜሎቹ ሲሞሉ እንዘጋዋለን። እጀታው በፀሐይ እጅ ያቃጥላል፣ የሻሽወርቅ ጨርቅ ጠቅልላበት ነበር። ጨርቁ አሁንም አለ።

መዝጊያው አንገቱ ላይ ያንጠባጥባል። ትንሽ ነው። በ54 ዓመተ ምሕረት በገዛ እጄ የገጠምኩት ነው። ነሐስ አያረጅም። የሚያረጀው ውስጡ ያለው ማሸጊያ ነው። ባለፈው ሐምሌ 2 ሞልቼው ነበር፣ ግንቡ ላይ በከሰል ጽፌዋለሁ። አሁን እንደገና እሞላዋለሁ፣ በቃ።

ግንቦት 14

ሞላሁት። ቃጫ በሞራ አሽቼ፣ ሦስት ዙር፣ በቀኝ በኩል። ሥራውን የተማርኩት ደሴ ከአንድ ጣሊያን ነው፣ እሱ ሲሠራ ያፏጭ ነበር። እኔም አፏጨሁ።

ማለዳ ውሃ መጣ። አንዲት ጠብታ የለም። ጦይባን ጠርቼ አሳየኋት።

«ማሻአላህ አባባ፣ እጅዎ አይክዳዎ» አለች።

ግንቦት 14፣ ከሰዓት

ፀሐይ ሲያርፍበት ትንሽ አላበው። ላብ ነው።

ግንቦት 19

ዓለሙ መጣ። ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያ መፍቻውን ያስያዝኩት እኔ ነኝ። በጋዜጣ የጠቀለለውን ነገር ፈታና አዲስ መዝጊያ አወጣ።

«ጋሼ፣ ያንን ይጣሉት። በግማሽ ቀን ልገጥምልዎ።»

«ማን ለመነህ?»

«ማንም። ሳልፍ ከመዝጊያው ሥር ያለውን ሲሚንቶ አየሁት፣ አረንጓዴ ሆኗል።»

«አረንጓዴ ለዓይን ደግ ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የመዝጊያውን አንገት አሸተተው። «በምንድን ነው ያሸጉት?»

«በቃጫና በሞራ። እንደ ወጉ።»

«እርስዎ ይሙቱ ጋሼ፣ ሞራ የሚረጋው ደሴ ነው። አሰብ ቅቤ እንኳ በብርጭቆ ነው የሚጠጣው!»

ጦይባ ከደጃፏ ሆና ከት ብላ ሳቀች። እኔም «አንተ እጅህ ገና ልጅ ነው» አልኩት። አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። ፊቱ ተለወጠ። ቢሆንም አዲሱን መዝጊያ ትቶልኝ ሄደ፣ የኔ መፍቻ ጥርሱ አልቋል ብሎ የራሱንም አዋሰኝ።

ያንን መዝጊያ አየሁት። ቀላል ነው፣ ቆርቆሮ ይመስላል። ነፋሱ በሬን ስለሚያማታው ከሥሩ አደረግኩት። ለዚያ ጎበዝ ነው።

ግንቦት 25

ረመዳን ገብቷል። ነጦይባ ይጾማሉ። ሙቀቱ ከአሸዋው ይነሳና ፊት ይመታል። ውሃ የመጣ ቀን ነበርና መዝጊያው ቀኑን ሙሉ ጠብ፣ ጠብ።

«አባባ» አለችኝ ጦይባ ከንፈሯ ደርቆ። «በጾም አፌ ይሄ ጠብ ጠብ ሲል ጠላቴ ነው የሚመስለኝ። ወላሂ ይሄ ቧንቧ ጾም አያውቅም።»

ሩብ ዙር አጠበቅኩት። ቆመ።

ግንቦት 27

ሩብ ዙር።

ግንቦት 29

ሩብ ዙር። ቀትር ላይ እንደገና ሩብ። አንገቱን የሚያጠብቀው ዳዶ ይጮህ ጀምሯል። ይጩህ።

ሰኔ 4

የቀበሌው ፍቅሬ መዝገብ ይዞ መጣ። ልጅ ሳለ ቤቴ እየመጣ ውሃ ይጠጣ ነበር፣ አሁን ግን «ጓድ ገሠሠ» ነው የሚለኝ።

«ጓድ ገሠሠ፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል ደርሷል። ግንቡ ሁሉ ኖራ ይቀባል፣ መንገዱ ይጠረጋል። ከእናንተ ግቢ የሚወጣ ውሃ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል።»

«እየሠራሁት ነው።»

«እስከ ነሐሴ አጋማሽ ካልተሠራ መስመሩን ከመንገድ እንዘጋዋለን።»

«መስመሩ የሁለት ቤት ነው እኮ። የነዘይኑም ነው።»

«ቀድሜ የምነግርዎት ለዚያ ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦ «አባባ፣ አዲስ አይገጥሙም? ካላገኙ እኔ ደብዳቤ ላጽፍልዎ።»

አዲሱ በሩን ይዞ ከፊቱ ነበር። አላየውም። እኔም አልነገርኩትም።

ዘይኑ የጦይባ ባል ነው፣ ገበያው ጋ ሱቅ አለው። ከወሎ ሲመጣ አንድ ጆንያ ብቻ ነበረው፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ያደረው እኔ ቤት ነው። የሻሽወርቅ ናት ያሳደረችው። መስመሩ ቢዘጋ ከነቤተሰቡ ከሩቅ ቦኖ ሊቀዳ ነው። በኔ ምክንያት። አይሆንም። ይሠራል።

ሰኔ 11

ማታ ከግንቡ ሥር ተቀምጬ ነበር። ነጦይባ ያፈጥሩ ነበር፣ መኖሬን አላወቁም።

ጦይባ፦ «እሷም እኮ እዚያው ላይ ነው...»

ዘይኑ፦ «ዝም በይ።»

«ውሸት ነው እንዴ? ለምን አዲሱን አያስገባም? ያው በሩ ሥር ተጋድሟል።»

«ሽማግሌ ነው። ተይው አልኩሽ።»

ስለ ማን እንደሚያወሩ አላውቅም። ሰው ጾም ውሎ ብዙ ይናገራል።

ሰኔ 12

ሽማግሌ አለኝ። በጆንያ የመጣ ሰው።

ሰኔ 23

የረመዳን ፍቺ። ጦይባ ሳህን ሙሉ አመጣችልኝ። ሥጋውን አልበላሁም፣ ሩዙን በላሁ። ሳህኑን አጥቤ ባዶውን መለስኩ። የሻሽወርቅ ባዶ ሳህን መልሳ አታውቅም፣ ያለችውን ጣል ታደርግበት ነበር። ከተመለስኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ።

ሰኔ 28

ከቧንቧ ሌላ ነገር አልጽፍም ብዬ ነበር። ግን ዛሬ ንጋት ውሃ ስጠብቅ ደብተሩን ከፊት ገለጥኩት። የሷ እጅ ነው። ሀ ሁ አለ። ቀጥሎ የሰው ስም። ቀጥሎ አንድ ገጽ ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከላይ እስከ ታች፣ አሥራ አንድ ጊዜ፦

ገሠሠ ቧንቧውን ይሠራል።

ከመምህሩ ሰሌዳ አይደለም፣ ሰሌዳ ላይ የነበረው የአብዮት ነገር ነው። ከራሷ ነው። ስለ ሙያዬ ጽፋለች። መጀመሪያዎቹ ላይ ፊደሉ ቆንጆ ነው፣ ወደ ታች እየተጫነችው ሄዳ የመጨረሻው ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

ኩራት ተሰማኝ። ሩብ ዙር አጠበቅኩና ገባሁ።

ሐምሌ 8

ልጄ ወሰኔ ለእናቷ ሙት ዓመት ከናዝሬት መጣች። ሁለት ቀን በአውቶቡስ፣ እግሯ አብጧል። ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ ሄዳ ሲሚንቶው ላይ ቆመች።

«አባዬ፣ እዚህ ነው?»

«ምኑ?»

«እማዬ።»

«እናትሽን ራሷን አዞራት። ደም ብዛት ነበረባት። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«አሁንም እርጥብ ነው» አለች።

«ዛሬ ውሃ የመጣበት ቀን ነው።»

ከደጅ አሸዋ በልብሷ ታቅፋ አመጣችና በተነችበት። የሷ ነገር እንዲህ ነው፣ እንደ እናቷ ነው፣ አትከራከርም፣ ትሠራለች።

ሐምሌ 9

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ካህኑ ስሟን ሲጠራ ወሰኔ እጄን ያዘችኝ። ከዚያ ሰው መጣ፣ በላ፣ ሄደ። ዓለሙም መጥቶ ነበር፣ ጥግ ቁጭ ብሎ በልቶ ወጣ። መፍቻውን አልጠየቀም። እኔም ጥሩ ቃል ላወጣለት አስቤ ነበር፣ ሰው በዛ።

ሐምሌ 11

ወሰኔ ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት፦

«ከኔ ጋ ና አባዬ። ክፍል አለ። ሙቀት የለም።»

«መዝጊያውን ለማን ትቼ?»

«ለመዝጊያ ነው የምትኖረው?»

«ላንቺም አልኖርም እንግዲህ» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እንጃ። አውቶቡሱ ላይ ሆና በመስኮት «ጀሪካኑን ግማሹን ብቻ ሙላው» አለችኝ። ያለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ማሳረፌን ያየች መሰለኝ። አላየችም። ወይ ጦይባ ናት የነገረቻት።

የበተነችውን አሸዋ ጠረግኩት። በአሸዋ የተሸፈነ ሥራ የሰነፍ ሥራ ነው።

ሐምሌ 20

ውሃ በሌለበት ቀን መዝጊያውን ሙሉ በሙሉ ፈታሁት። ዘንጉ ቀጥኗል። ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር ያልኩት ነው የበላው። በውስጡ የውሃው ጨው ነጭ ሆኖ ተጋግሯል፣ በቢላ ፋቅኩት። ቃጫው ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ ሞራው ግን አንድም የለም። ወዴት ሄደ? ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሥራ ነበረኝ፣ አላሰብኩም።

ዘንጉ ስለቀጠነ ቃጫውን አምስት ዙር አደረግኩ። ሞራውንም እጥፍ፣ ዘይኑ ካመጣው የበግ።

ስገጥመው የራሴ መፍቻ ሸተተ። የዓለሙን አነሳሁ፣ ረጅም ነው፣ ጉልበት ይጨምራል። አንዴ ጫን ስለው ከታች፣ ከግንቡ በኩል፣ ቀጭ አለ። መዝጊያው አይደለም። ቧንቧው ራሱ ነው፣ ጥርሱ ላይ።

ያንንም በሞራ አሸግኩት። ከውጭ አይታይም።

ሐምሌ 21

ማለዳ ደረቅ ነው! ጦይባን አልጠራኋትም።

ሐምሌ 27

ከግንቡ ሥርም ከአንገቱም ይወርዳል። ጨርቅ አሠርኩ። የሻሽወርቅን ጨርቅ አይደለም፣ ሌላ።

ነሐሴ 1

ኖራ ቀቢዎቹ ከመንገዱ ጫፍ ጀምረዋል። ፍቅሬ በአጠገባችን አልፎ ጭቃውን አየና ለኔ ሳይሆን ለመዝገቡ አንገቱን ነቀነቀ።

ነሐሴ 3

ጦይባ ወደቀች።

ነሐሴ 4

እንግዲህ እንደነበረው ልጻፈው።

በዚህ ሙቀት ሁላችንም አልጋችንን ደጅ አውጥተን ነው የምናድረው። ውሃው ሳይነጋ መጣ። እሷ ቀድማ ተነሳች፣ መዝጊያውን ልትከፍት። እኔ ነቅቼ ነበር። እነሳለሁ እያልኩ ነበር። እንደ ዱቄት ጆንያ የሚወድቅ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የሷን ድምፅ፦

«ምንም አልሆንኩም፣ በርሜሉን እዩት፣ ውሃው ይፈሳል!»

የሻሽወርቅም ያን ዕለት መጀመሪያ ያለችው ስለ በርሜሉ ነው።

ዘይኑ አንስቶ ሐኪም ቤት ወሰዳት። እጇ ከአንጓው በላይ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ የቀኝ ነው። ከሰዓት ነጭ ጄሶ ታስራ ተመለሰች። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጠራችኝ። ሄድኩ።

«አባባ፣ ከዚህ በኋላ መርፌዎን ማን እንደሚያስገባልዎ እንጃ» አለችና ሳቀች።

አጠገቧ ቆምኩ።

«ደግሞ የረገጥኩት ውሃ ብቻ አይደለም። ወላሂ ቅባት ነው። ጫማዬን አሸተትኩት፣ በግ በግ ይላል።»

እሷ አሁንም እየሳቀች ነው። ዘይኑ ከኋላዋ ቆሞ ያየኛል። አይስቅም። አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ማንም ሳያየኝ ሄጄ ሲሚንቶውን በመዳፌ አሸሁት። ሞራ ነው። በፀሐይ ከአንገቱ ይቀልጣል፣ በግንቡ ይወርዳል፣ ሲሚንቶው ላይ ይተኛል። ውሃ አያጥበውም። ማታ ቀዝቀዝ ሲል ይረጋል። ለዚህ ነው መዝጊያውን ስፈታው ሞራ ያጣሁት።

ባለፈው ዓመትም ሞራ ነበር። ሐምሌ 2 ሞላሁ። የሻሽወርቅ ሐምሌ 5 ወደቀች፣ ሐምሌ 9 አረፈች።

ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ነሐሴ 6

ሲሚንቶውን ደርቤ ደርቤ በአመድ አጠብኩት። ሽታው አይለቅም።

ነሐሴ 8

ዓለሙ ጋ ሄድኩ። በእግሬ እስከ ቤቱ። ሚስቱ ወንበር ሰጠችኝ፣ አልተቀመጥኩም።

«ና ግጠምልኝ» አልኩት።

ዕቃውን ይዞ አብሮኝ መጣ። ከበሬ ሥር አዲሱን መዝጊያ አንስቼ በልብሴ ጠርጌ ሰጠሁት። አሮጌውን ፈታ። ቧንቧው ላይ ጣቱን አስገብቶ ዞር ዞር አደረገና አወጣው።

«ምንድን ነው?»

«ጋሼ፣ ጥርሱ ሁሉ ሄዷል። ግንቡ ውስጥም ተሰንጥቋል። አዲሱ የሚነክሰው ነገር የለውም።»

«ቆርጠህ አዲስ ጥርስ አውጣለት።»

«እስከ መንገድ ድረስ ተቆፍሮ ቧንቧው መቀየር አለበት። ያ በቀበሌ ነው።» ከዚያ ሳያየኝ፦ «በግንቦት ቢሆን ኖሮ ይይዝ ነበር» አለ።

በግንቦት። አልተቆጣሁም። እጁን አየሁት። የሠራተኛ እጅ ነው፣ ድሮም ነበረ።

ነሐሴ 14

ፍቅሬ ከሁለት ሰው ጋር መጥቶ መስመሩን ከመንገድ ዘጋው። ቁፋሮው ከበዓሉ በኋላ ይታያል አለ። የትኛው በዓል እንደሆነ አልጠየቅኩትም፣ በዓል ብዙ ነው። በዚያው ግንቡን ኖራ ቀቡት። በከሰል የጻፍኩት ቀን ከሥሩ ቀረ። ነጭ ነው አሁን፣ ያምራል። እኔ ግን የት ላይ እንደነበረ አውቃለሁ።

ነሐሴ 17

ቦኖው ሩቅ ነው። በንጋት ወጥቼ ወረፋ ያዝኩ። ግማሽ ጀሪካን፣ አምስት ጊዜ አሳረፍኩ። ዘይኑ ከፊቴ ሁለት ሞልቶ ተሸክሞ አለፈ። ላግዝዎ አላለኝም። ልክ ነው።

ነሐሴ 21

ወሰኔ ደብዳቤ ልካለች፣ ከመስከረም በኋላ መጥቼ እወስድሃለሁ ትላለች። እምቢ የምልበት ነገር አጣሁ። የምጠብቀው መዝጊያ የለም።

ከመሄዴ በፊት ያለብኝን እጽፋለሁ። ማንም እንዳይከፍልልኝ፣ ልጄም ብትሆን።

ለዓለሙ መፍቻው አለብኝ። አጽድቼ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ራሴ ቤቱ ድረስ። ደግሞም ጦይባ ፊት እጅህ ልጅ ነው ያልኩትን ጦይባ ፊት መመለስ አለብኝ። ቤቱ ሄጄ ማለቱ አይቆጠርም።

ለጦይባ፣ ጄሶው እስኪፈታ በየንጋቱ ውሃ። ግማሽ ጀሪካንም ቢሆን ሁለት ጊዜ እመላለሳለሁ። ዛሬ ጀምሬያለሁ፣ ደጃፏ አድርጌ ሳላንኳኳ ተመለስኩ። ያንን ባዶ የመለስኩትን ሳህንም የሚሞላ ነገር።

ለዘይኑ፣ የሚለኝን ሁሉ ይበለኝ ብዬ ሱቁ ሄጄ መቆም። ሰው ባለበት ሰዓት።

ለፍቅሬ ምንም የለብኝም። ወይም አለብኝ፣ ደብዳቤ ላጽፍልዎ ሲለኝ አዲሱ ከፊቱ ነበር፣ ዝም አልኩ።

ለወሰኔ። በራሴ እጅ ነው የምጽፍላት፣ ጸሐፊ አልለምንም፣ ፊደሉ ቢጣመምም ታነበዋለች። ከደብዳቤው የመጀመሪያውን እዚህ ሞከርኩት፦

ልጄ ወሰኔ። እናትሽን ራሷን አላዞራትም። ሐኪሙም ደም ብዛት አላለም፣ ያልኩት እኔ ነኝ። ሞራ ነው የረገጠችው። ሞራውን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ቀይረው እያለች

እዚህ ላይ ቆምኩ። ስንት ጊዜ እንዳለችኝ ልጽፍ ብዬ ነው። በአፏ ያለችውን አልቆጠርኩም። በጽሑፍ ግን፣ በዚሁ ደብተር ፊት በኩል፣ አሥራ አንድ ጊዜ ነው።